ከሳንቲም ወደ በር

የምኒልክ ብር ከዳር እስከ ዳር 40 ሚሊሜትር ነው። ልደታ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ካሉት እንጨት ቤቶች በአንዱ ውስጥ መዳፌ ላይ አስቀምጬ አየሁት፤ ፓሪስ ተቀርጾ የመጣ፣ ፲፰፻፹፯ የሚል ዘመን የተጻፈበት፣ አንድ እግሩን ያነሣ አንበሳ ያለበት። ባለቤቱ ከአያቱ ወርሶታል። አሁን አንበሳው ያለበት ገጽ 40 ሴንቲሜትር ሆኖ፣ በዋንዛ ላይ ተቀርጾ፣ የሳሎን በሩ ላይ እንዲውልለት ይፈልጋል። አሥር እጥፍ መሆኑ ነው።

ይህ አሥር እጥፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሲኤንሲ የሚባለው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል፤ ሙያው ግን ከማሽኑ ጋር አብሮ አልመጣም። አልጋ ራስጌና በር ላይ የምናየው ጽጌረዳና የወይን ሐረግ በአብዛኛው ተዘጋጅቶ በፍላሽ የመጣ ፋይል ነው። የራሳችን ቅርጽ ግን አንገታችን ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሙዳይ ውስጥ ተቀምጦ አለ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ቁጭት ነው።

የሥራው መሠረት የቆየ ነው፤ የተገለበጠው አቅጣጫው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሳንቲም ቀራጮች ምስሉን በትልቁ ሠርተው በማሽን ያሳንሱት ነበር። የማሽኑ አንድ ጫፍ ትልቁን ምስል እየዳሰሰ ሲሄድ፣ በዘንግ የተያያዘው ሌላው ጫፍ ትንሹን ብረት ይፍቃል። የፈረንሳዩ ቪክቶር ዣንቪዬ በ1899 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ማሽን ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ነው። የሐሳቡ ሥር ክሪስቶፍ ሻይነር የተባለ ጀርመናዊ ካህን በ1603 እ.ኤ.አ. የሠራው ፓንቶግራፍ ነው። በእንፋሎት ሞተር የምናውቀው ጄምስ ዋትም በእርጅናው ዘመን ቤቱ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ ሐውልት የሚገለብጥ ማሽን ሲሠራ ኖሯል። በ1952 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካው ኤምአይቲ በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ ማሽን ለሕዝብ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ዘንጉ ቀርቶ ቁጥር ገባ። ዛሬ ዳሳሹ ጫፍ ስካነር፣ ፋቂው ጫፍ ሲኤንሲ፣ መካከላቸው ያለው ዘንግ ፋይል ሆኗል።

መዳሰሻው ዓይነቱ ብዙ ነው። በቀጭን መርፌ ነጥብ በነጥብ እየነካ የሚለካ አለ፤ ይህ እጅግ ዝግተኛ ነው። የሌዘር ጨረር የሚያሳልፍም፣ በፕሮጀክተር የብርሃን መስመሮችን ጥሎ መስመሮቹ የት እንደጎበጡ በካሜራ የሚያነብም አለ። ገንዘብ ለሌለው ቤት የሚቀርበው ፎቶግራሜትሪ ነው፦ በስልክ ዙሪያውን ከ60 እስከ 100 ፎቶ ተነሥቶ ፕሮግራሙ ከፎቶዎቹ ቅርጹን ያወጣል። በብርሃን የሚያዩትን ሁሉ የሚያሸንፋቸው ጠላት ግን አንድ ነው፤ ብልጭታ። ብር ብርሃኑን እንደ መስታወት ስለሚመልሰው ስካነሩ ያላየውን ጉድጓድና ጉብታ ፈጥሮ ያስቀምጣል።

መፍትሔው ከየትኛውም የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፤ ጄሶ። ሳንቲሙ ለስላሳ ሸክላ ላይ ተጭኖ ይነሣል፣ በቀረው ጎድጓዳ ምልክት ውስጥ ቀጠን ተደርጎ የተበጠበጠ ጄሶ ይፈስሳል፣ ሲደርቅ ነጭ፣ የማያብለጨልጭ ቅጂ ይወጣል። አንበሳውን በጄሶ ሳየው ብሩ ላይ ያላየሁትን የጎኑን አጥንት አየሁ። ዱቄት ወይም ስፕሬይ የሚነፉም አሉ፤ የቆየ ዕቃ ላይ ግን ባይደረግ እመርጣለሁ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ፎቶ አንሥተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩና ነጩን ጉብታ፣ ጥቁሩን ጉድጓድ ብሎ ማሽኑ እንዲቀርጽ ይሰጡታል። ፎቶ ግን ጥላ እንጂ ጥልቀት አይናገርም። የዘመን ጥላሸት የያዘ ግንባር ገደል ይሆናል፣ መብራት ያረፈበት ጉድጓድ ኮረብታ ይሆናል። ፋይሉ ትክክለኛ የጥልቀት ካርታ ሲሆንም እንኳ የግራጫው እርከን ብዛት ይወስናል። በ8 ቢት የተቀመጠ 256 እርከን ብቻ አለው፤ በ16 ቢት ከሆነ ከ65 ሺህ በላይ ነው። የመጀመሪያው ሲቀረጽ ጉንጭ ላይ ደረጃ ያወጣል።

ከዚያ ማጉላቱ ይመጣል፤ የሚጎላው ግን አንበሳው ብቻ አይደለም። ስካነሩ በ0.05 ሚሊሜትር ቢስት፣ በሩ ላይ ስሕተቱ ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ ጣት ይይዘዋል። መቶ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የተፋቀው ሁሉም አሥር እጥፍ ይሆናል። ልደታ ያየሁት ወጣት ጭረቱን ለማጥፋት በኮምፒውተሩ ማለስለሻ ደጋግሞ ሄደበት። ጭረቱ ጠፋ፤ ከጀርባው ሆነው የሚያዩት አዛውንት ቀራጭ ግን «ልጄ፣ ጎፈሩ የታለ?» አሉ። ጎፈሩ ሊጥ መስሎ ነበር። «ጋሼ፣ ለማሽኑ ጭረቱም ጎፈሩም አንድ ነው» አላቸው። እውነቱን ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው መሮ የያዘ እጅ ነው፤ ስለዚህ ከስካኑ እስከ ቀረጻው ያለው ጊዜ የቀራጩ እንጂ የኮምፒውተር አዋቂው ብቻ መሆን የለበትም። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይገባል። የእንጨትና የብረት ሥራ ዘመናት ያስተማረው ተግባረ እድ ከዚያው ሰፈር፣ ሜክሲኮ አጠገብ ነው፤ ይህን ጥምረት ለማስተማር ከእሱ የቀረበ ቦታ አይታየኝም።

ቀረጻው ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ በ6 ሚሊሜትር ቢት፣ ማለትም በማሽኑ መቁረጫ፣ ይገፈፋል፤ ቀጥሎ ጫፉ ክብ የሆነ የ1 ሚሊሜትር ቢት በ0.2 ሚሊሜትር ልዩነት ይመላለሳል። 40 ሴንቲሜትር በ0.2 ሲከፈል 2,000 መስመር፣ በጠቅላላው 800 ሜትር ጉዞ ነው። በደቂቃ 2 ሜትር ቢሄድ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማሽኑ የቆመበትን ይረሳል፤ መነሻ ነጥቡን አስቀድሞ ያልያዘ ሰው በሩን አበላሸ ማለት ነው። ዋንዛ ለዚህ ሥራ ገር ነው። ወይራ ጠንካራ ሆኖ ረቂቁን መስመር ይይዛል፤ ቢቱን ግን ይበላል።

መስቀል ላይ ሲደርስ መንገዱ ይለያል። ብዙው የአንገትና የእጅ መስቀላችን ጎብጦ የወጣ ሳይሆን ጠፍጣፋ፣ ተፈልፍሎ የተሸነቆረና በጭረት የተዋበ ነው። እሱን እንደ ሳንቲም ስካን አድርጎ ማጉላት ጠርዙን ያደበዝዘዋል። ሐረጉን መስመር በመስመር እንደገና መሣልና በሹል ቢት መጻፍ ይሻላል። ለእንጨት ቀረጻ የሚመች፣ ጎብጦ የወጣ ቅርጽ የሚፈልግ የደብረ ዳሞን ጣሪያ ያስብ፤ አንበሳውም ሌላው አውሬም በየሰሌዳው ላይ በእንጨት ተቀርጿል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካን አድርጓል፤ ትንንሾቹ ዕቃዎችም እንዲህ ያለ መዝገብ ያስፈልጋቸዋል፤ ይሰረቃሉና። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ከቤልጅየም የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። ሁሉም ነገር ግን ስካነር ፊት አይቀርብም። ታቦት አይነካም። የአገልግሎት መስቀልም ያለ ካህኑ ፈቃድ ጄሶ አይፈስበትም፤ የደንበኛ ችኮላ ይህን አይሽረውም።

የበሩ አንበሳ ከማሽኑ ሲወርድ ጎፈሩ በከፊል ብቻ ተመልሶ ነበር። አዛውንቱ ብሩን በግራ እጃቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው አዩት፤ ከዚያ ትንሿን መሮ አነሡ።