የባሕር አረም፦ ማባያው እና እንክብሉ

ኖሪ፣ ዋካሜና ኮምቡ በጃፓን፣ ሚዮክ ደግሞ በኮሪያ ከማዕድ የማይጠፉ የባሕር አረሞች ናቸው፤ ኮሪያዊት አራስ የምትጠጣው ሾርባ እንኳ ከሚዮክ ይሠራል። የሁለቱ አገሮች ሕዝብ ዕድሜው ረጅም፣ ውፍረቱም ከምዕራባውያኑ ያነሰ መሆኑ ስለታየ ያው አረም ዛሬ ተፈጭቶ በእንክብል እየታሸገ የስኳር፣ የውፍረትና የደም ቅባት መፍትሔ ተብሎ ይሸጣል። ማባያው ክብር ይገባዋል፤ እንክብሉ ግን የሚነገርለትን ያህል ማስረጃ የለውም።

ጥቅሙ ተረት አይደለም። በቡናማዎቹ አረሞች ውስጥ ያለው አልጂኔት የተባለ ፋይበር ውሃ ሲያገኝ እንደ አብሽ ይዝለገለጋል፤ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ፣ ስኳርም በአንዴ ወደ ደም እንዳይጎርፍ ያደርጋል። ችግሩ በሰው ላይ ሲፈተን የሚታየው ለውጥ ትንሽ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የዴንማርክ ጥናት 96 ወፍራም ሰዎች ለ12 ሳምንታት ምግባቸውን ቀንሰው ከፊሎቹ ከምግብ በፊት አልጂኔት ጠጡ። እስከ መጨረሻው ከዘለቁት መካከል አልጂኔት የጠጡት ከሌሎቹ 1.7 ኪሎ ያህል አብልጠው ቀነሱ፤ ያቋረጡት ሲደመሩ ግን አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። የአረሙ ቀለም የሆነው ፉኮዛንቲንም ስብ ያቃጥላል የተባለው በዋነኛነት በአይጦች ላይ ታይቶ ነው። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ማስታወቂያው ግን ይዘልለዋል።

የጃፓኖች ጤና ራሱ ምስክር አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። ጃፓኖች ግን አረሙን የሚበሉት ከዓሣና ከአኩሪ አተር ጋር፣ በልክ ነው፤ የትኛው ምን እንደሠራ ለይቶ ማወቅ ይከብዳል። አንጀታቸውም ይለያል፦ እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በጃፓኖች አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ኖሪን የሚፈጭ ዘረመል ከባሕር ባክቴሪያ እንደወረሱ አሳይተዋል። በመረመሯቸው ሰሜን አሜሪካውያን ውስጥ ግን አላገኙትም። ስለዚህ ያንኑ አረም የበላ ሁሉ ያንኑ ጥቅም ያገኛል ማለት አይቻልም።

ባይጠቅምም አይጎዳም የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ያሳስበኛል። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ ግራም ደረቅ ኮምቡ ግን ከ2,000 በላይ ሊይዝ ይችላል። ኖሪ የሚይዘው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱን ሳያውቅ "የባሕር አረም" ብሎ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚውጥ አያውቅም። እንቅርት በበዛባቸው እንደ ኢትዮጵያ ደጋ ባሉ ስፍራዎች ለዓመታት አዮዲን አጥሮት የኖረ ሰው ድንገት ብዙ ሲያገኝ የታይሮይድ ዕጢው ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ ልብ ይመታል፣ ክብደትም ይወርዳል። እንክብሉ አከሳኝ ብሎ የተደሰተ ሰው የያዘው በሽታ ሊሆን ይችላል። ሂጂኪ የተባለው ዓይነት ደግሞ ብዙ አርሰኒክ ስላለው የብሪታንያ የምግብ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳይበላ መክሯል።

ኖሪና ዋካሜ የሚወድ ሰው በልኩ ይብላ። እንክብሉን የሚሸጡት ግን የአረሙን ዓይነትና የአዮዲኑን መጠን በማሸጊያው ላይ እንዲጽፉ ሊገደዱ ይገባል። የስኳር ወይም የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንክብሉን አትጀምሩ፤ ለእሱ ብላችሁም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ።