የጎድን አጥንቶች ቅርጽና የወጣቶች የደረት ውጋት

በቤተ መጻሕፍት ጎንበስ ብሎ ሲያነብ የቆየ ወጣት በግራ ጡቱ በኩል በድንገት እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ይሰማዋል። በጥልቀት ለመተንፈስ ሲሞክር ይብስበታልና ትንፋሹን ቆጠብ አድርጎ ይጠብቃል። ከጥቂት ሴኮንዶች ወይም ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ውጋቱ እንዳመጣጡ ይጠፋል። ቤተ ሰብ «ብርድ ነው» ይለዋል፤ እርሱ የሚጠረጥረው ግን ልቡን ነው። ደረቱን ሲዳብስ አንዱ ጎድን ከሌላው ወጣ ብሎ ካገኘው ደግሞ ሥጋቱ ይጨምራል። ሁለቱ ነገሮች ብዙውን ጊዜ እንደማይገናኙ ለማስረዳት ከአጥንቶቹ አሠራር እንጀምር።

ደረታችን 12 ጥንድ የጎድን አጥንቶች አሉት። የላይኞቹ 7 ጥንዶች እያንዳንዳቸው በልም አጥንት አማካይነት ከፍርምባ ጋር ይያያዛሉ። 8ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው ከበላያቸው ካለው ልም አጥንት ጋር ሲጋጠሙ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥንዶች ከፊት በኩል ማረፊያ የላቸውም። በደቂቃ 12 ጊዜ ብቻ ብንተነፍስ እንኳ ይህ ማዕቀፍ በቀን ከ17,000 ጊዜ በላይ ይሰፋል፣ ይጠብባል። ልም አጥንቱ ተለማጭ ባይሆን ኖሮ ይህ ባልተቻለም ነበር።

ማዕቀፉ ግን በአናጺ ውኃ ልክ የተሠራ አይደለም። ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል የሆነለት ሰው ጥቂት ነው። አከርካሪ በመጠኑ ሲጣመም የአንዱ ጎን አጥንቶች ጎልተው ይታያሉ፤ በአንዳንድ ሰዎች አንዱ ጎድን ጫፉ ላይ እንደ ባላ ይከፈላል። ከሁሉም በላይ ለዓይን የሚታየው ፍርምባው ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ነው። ይህ ከ300 እስከ 400 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ ይገኛል፤ በወንዶች ይበዛል፤ ቁመት በፍጥነት በሚጨምርበት የጉርምስና ወቅትም ሊጠልቅ ይችላል። አብዛኛው ሕክምና አያሻውም። ልብንና ሳንባን እስከ መጫን ሲደርስ ግን ዶክተር ዶናልድ ነስ በ1987 እ.ኤ.አ. በጀመሩት ዘዴ፣ የታጠፈ የብረት ዘንግ ከፍርምባው ሥር ገብቶ ቀና ያደርገዋል።

በሕፃን ልጅ ላይ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው ሪኬትስ፣ ጎድንና ልም አጥንት የሚጋጠሙበትን ቦታ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ያሳብጠዋል፤ የለሰለሰ ጎድንም ሳንባን በሚገባ ማስፋት ይሳነዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሪኬትስ በመጀመሪያዎቹ ዘንድ በ210፣ በሁለተኞቹ ዘንድ በ20 ሕፃናት ላይ ተገኘ። ፀሐይ በማይጎድልበት አገር ይህ መሆኑ ያሳዝነናል።

ወደ ውጋቱ እንመለስ። ሚለርና ቴክሲዶር የተባሉ ሐኪሞች በ1955 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ የገለጹት ይህ ሕመም ከልብ ሳይሆን ከደረት ግድግዳ ወይም ከሳንባ ልባስ እንደሚነሣ ይታሰባል፤ ጉዳትም አያስከትልም። ሌላው የተለመደ ምክንያት የልም አጥንት መቆጣት ነው፤ በጣት ሲጫኑት ያው ሕመም ይቀሰቀሳል። ሆኖም በጣት መጫን ብቻውን የልብን ጤንነት አያረጋግጥም።

ሕመሙ በሩጫ ወይም ዳገት ሲወጡ የሚመጣ፣ ራስን የሚያስት፣ ትኩሳትና ሳል ያለበት ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። በተለይም ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያው እየተፈራረቀ ያበጠበት ልጅ፣ የልብን በሮች የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት ይዞት ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ለነገ የሚባል አይደለም።