ኮመዲኖ ውስጥ ያደረው የጆሮ መሣሪያ

ልጆች ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በሰው እጅ የላኩት፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት የመስሚያ መሣሪያ ጥቂት ጊዜ ጆሮ ላይ ውሎ ኮመዲኖ ውስጥ የሚገባበት ቤት ጥቂት አይደለም። «ይጮህብኛል»፣ «ያፏጫል»፣ «ባትሪው ሞቷል»፣ «ድሮም ለእኔ አልሆነም» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን መሣሪያው ምንም አልሆነም። የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ ለባለቤቱ ያስረዳው ሰው ስለሌለ ብቻ፣ በብሩሽ የሚጠረግ ወይም በጣት የሚቀየር ትንሽ ነገር የትልቅ ብልሽት ስም ይሰጠዋል። ስለዚህ ስለ መሣሪያው የሚወራውን ከመሣሪያው አካል ጋር እያስተያየን እንሂድ።

ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ከውጭ ሲታይ ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ፣ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ አካል ነው። ሌላው ከእሱ በቀጭን ሽቦ ተያይዞ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ፣ የሲሊኮን ቆብ ያጠለቀ ጫፍ ነው። ቀይ ምልክት ያለው ለቀኝ፣ ሰማያዊው ለግራ ነው።

«የሚሰማው ጆሮ ውስጥ የገባው ነው»

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። እንግዳው ጎንበስ ብሎ የእማማን ጆሮ ቀዳዳ አነጣጥሮ ይናገራል፤ እሳቸው ደግሞ ጫፉ ከገባ በቂ ነው ብለው ጆሯቸውን በሻሽ አጥብቀው ያስራሉ። ጆሮ ውስጥ የገባው ግን ተናጋሪው ነው፣ ትንሽ ስፒከር። ድምፅ የሚቀበሉት ማይክሮፎኖች ከጆሮ ጀርባ ባለው አካል ላይ፣ ዓይን በቅጡ በማያያቸው ቀዳዳዎች ሥር ተቀምጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ።

ሁለት የሆኑበት ምክንያት አለው። ከፊት የመጣ ድምፅ የፊተኛውን ማይክሮፎን ከኋለኛው እጅግ ባነሰች ቅጽበት ቀድሞ ይነካል። መሣሪያው ይህችን ልዩነት አስልቶ ከኋላ የሚመጣውን ያዳክማል። ስለዚህ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና በሚጠጣበት ቤት መሣሪያ ያደረገ ሰው ጀርባውን ለጫጫታው፣ ፊቱን ለሚያወራው ሰው ሰጥቶ ቢቀመጥ ብዙ ያተርፋል። ከኋላው ቆሞ የሚጠራው ሰው ካልተሰማ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ እንዲያውም የተሠራበትን ሥራ እየሠራ ነው።

ቀዳዳዎቹ ጥቃቅን በመሆናቸው ጠላታቸው ብዙ ነው። ነጠላና ሻሽ ሲነካቸው ልብሱ ራሱ በጆሮ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ጸጉር ላይ የተደረገ ቅቤ ቀልጦ ሲወርድ ይደፍናቸዋል፤ የጸጉር ስፕሬይም እንዲሁ። ቅቤ የሚቀቡ ሰው መጀመሪያ መሣሪያውን ያውልቁ፣ ከጆሮ ጀርባ ያለውን ቆዳ ይጥረጉ፣ ከዚያ ያድርጉ። ማይክሮፎኑ የሚጸዳው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቆሻሻው ወደ ውጭ እንዲረግፍ ቀዳዳውን ወደ ታች ደፍቶ ነው። መርፌ የነካው ማይክሮፎን አይመለስም።

«ያው ድምፅ ማጉያ ነው»

ይህ አባባል ከምንም አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1952 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው ሶኖቶን 1010 አንድ ትራንዚስተር ከሁለት የቫኩም ቱቦዎች ጋር ነበረው፤ ሥራውም የገባውን ድምፅ አጉልቶ ማውጣት ነበር። ከዚያ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ነገሩ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በ1996 የዴንማርኮቹ ዋይዴክስና ኦቲኮን ሴንሶ እና ዲጂፎከስ የተባሉ ሙሉ በሙሉ ዲጂታል መሣሪያዎችን ለገበያ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያው ልብ ከጆሮ ጀርባ ባለው አካል ውስጥ የተቀመጠው ቺፕ ሆነ።

ቺፑ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት በዕድሜ የመጣ የመስማት ድካም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይረዳል። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። አናባቢዎች ወፍራምና ጉልበተኛ ናቸው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ግን ቀጭንና ደካማ። ስለዚህ ሰውየው «ሰማ» ይባል «ሸማ»፣ «ሠራ» ይባል «ፈራ» መለየት ያቅተዋል፤ ድምፁ ግን ይደርሰዋል። «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም» የሚለው ቅሬታ ትክክለኛ የሕመም ገለጻ ነው። ቤተሰቡ በጮኸ ቁጥር የሚጎላው ድሮም የሚሰማው አናባቢ ስለሆነ፣ ጩኸቱ ከመቆጣት በቀር ምንም አይጨምርም።

ቺፑ የገባውን ድምፅ ወደ ቁጥር ይለውጥና በቅጥነትና በውፍረት ይከፋፍለዋል። ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ባለቤቱ በምርመራ ባሳየው ጉድለት መጠን ያነሣዋል። ሹክሹክታን ብዙ፣ ተራ ንግግርን መካከለኛ፣ ጩኸትን ጥቂት ያጎላል፤ ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ደግሞ እንዳያልፍ ያግደዋል። ይህን ሁሉ በሰከንድ ጥቂት ሺህኛ ውስጥ ይጨርሳል፤ ቢዘገይ ሰው የራሱን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ ይሰማው ነበርና።

እንግዲህ የሟች አባትን መሣሪያ ለአጎት ማስተላለፍ ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ ይታያል። መሣሪያው የአባትን ጆሮ ቁጥር ይዟል። ለአጎት የሚጎድለውን አይሞላ ይሆናል፤ የማይጎድለውን አጉልቶ የቀረውን መስማት ሊጎዳም ይችላል። ባለሙያ ጋር ተወስዶ፣ ጆሮ ተመርምሮ እንደ አዲስ ከተስተካከለ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ጆሮ ከደከመም «አንዱ ይበቃል» ማለት ቁጠባ አይደለም፤ ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ሁለቱን ጆሮ አወዳድረን ነው።

«መሣሪያ ጆሮን ያሰንፋል» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይነሣል። በጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት በሰው ልጅ ላይ አንዴ ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም፤ መሣሪያ ተደረገም አልተደረገም። ለባለቤቱ ልክ የተስተካከለ መሣሪያ የቀሩትን አይገድልም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሳሕን ኳኳታ፣ የቧንቧ ውኃ፣ የራስ እግር ኮቴ ሳይቀር ያስደነግጣል፤ አንጎል ለዓመታት ያልሰማውን እየሰማ ነውና ጊዜ ይፈልጋል። ለእሑድ ቅዳሴ ወይም ለሠርግ ብቻ የሚያደርገው ሰው ግን ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። በየቀኑ ብዙ ሰዓት ማድረግ ነው የሚያላምደው።

«ካፏጨ ተበላሽቷል»

ፉጨት የሚመጣው ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ከጆሮ አምልጦ ወደ ማይክሮፎኑ ሲመለስ ነው። መሣሪያው የራሱን ድምፅ እያጎላ ይሽከረከራል። በእጅ ሸፍነውት ለአፍታ ቢያፏጭ እንዲያውም መሥራቱን ያሳያል። ጆሮ ላይ እያለ ያለማቋረጥ ካፏጨ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆቡ ነው፦ ጠቦ ይሆናል፣ በደንብ አልገባ ይሆናል፣ ወይም አርጅቶ ደርቋል። ቆቡ በተለያየ መጠን ይመጣል። ቀዳዳ ያለው ለቀላል ጉድለት ይሆናል፣ ድፍኑ ከበድ ላለው። ኩክ የጆሮውን ቀዳዳ ሞልቶ ከሆነም ድምፁ ተላትሞ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የጆሮ ሐኪም ነው። ክብሪት እንጨትና ቁልፍ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ቆቡ ተነቅሎ ጆሮ ውስጥ ከቀረም በወረንጦ መሞከር አያስፈልግም፤ ሐኪም ያውጣው።

«ድምፁ ከጠፋ ባትሪው ነው»

ቻርጀሩ ላይ መብራቱ በደንብ ይበራል፣ መሣሪያው ግን ዝም ብሏል። ይህ ከሆነ ባትሪውን ለመክሰስ ከመቸኮል ቆቡን አውልቆ ጫፉን ማየት ይሻላል። ስፒከሩ አፍ ላይ እጅግ ትንሽ የሆነች ማጣሪያ አለች፣ ኩክ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የምትጠብቅ። ሥራዋ መደፈን ነው ማለት ይቻላል። ስትደፈን ድምፁ መጀመሪያ ይደክማል፣ ቀጥሎ ይጠፋል። አትታጠብም፣ በመርፌም አትወጋም፤ ትቀየራለች። አብሯት በሚመጣው ዘንግ በአንዱ ጫፍ አሮጌዋ ትነቀላለች፣ በሌላው ጫፍ አዲሷ ትገባለች። ከመላው መሣሪያ ርካሿ ክፍል እሷ ናት፤ ኮመዲኖ የገቡት መሣሪያዎች ስንቶቹ በእሷ ምክንያት እንደገቡ ሳስብ ይገርመኛል። ጆሮ ውስጥ ዘይት ጠብ የማድረግ ልማድ ያላቸው ሰዎችም ዘይቱ ማጣሪያውንና ስፒከሩን አብሮ እንደሚደፍን ቢያውቁ መልካም ነው።

«ባትሪው ሙልጭ ብሎ ካላለቀ ቻርጅ አይደረግም»

ይህ ምክር የኒኬል ባትሪዎች ዘመን ቅርስ ነው። ከእነዚያ አንዳንዶቹ በእርግጥ ሳያልቁ ሲሞሉ አቅማቸው ያነሰ ይመስል ነበር፤ ለጆሮ መሣሪያ የተሠሩትም ብዙ ጊዜ ቀኑን ሙሉ አያደርሱም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ፎናክና ሲግኒያ የሊቲየም አዮን መሣሪያዎችን ሲያወጡ ነገሩ ተለወጠ። ሊቲየም በግማሹም ቢሞላ አይጎዳም። ባዶው በሦስት ወይም በአራት ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ አንድ ሙሉ ቀን ያሠራል፤ ስልክና ቴሌቪዥን በብሉቱዝ ሲሰማበት ከዋለ ቶሎ ያልቃል። ሌሊቱን ቻርጀር ላይ ማደሩም አያበላሸውም፣ ሲሞላ ቻርጀሩ ራሱ ያቆማል።

የሚጎዳው ሙቀት ነው፤ ፀሐይ የመታው መስኮት፣ የመኪና ዳሽቦርድ፣ የምድጃ ዳር። ሁለተኛው ጉዳት ባዶውን መክረም ነው። በማጣሪያ መደፈን ምክንያት ኮመዲኖ የገባ መሣሪያ ለወራት ሳይሞላ ከቆየ ባትሪው በእውነት ሊሞት ይችላል። ያኔ ሐሜቱ እውነት ይሆናል። ባትሪው በአካሉ ውስጥ ታሽጎ ስለሚመጣ ቤት ውስጥ ተከፍቶ አይቀየርም። በደህና ቢያዝም ከአራት እስከ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ እየደከመ ይሄዳል።

ቻርጀሩም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በብረት ነጥቦች ይነካካል፣ ነጥቦቹ ደረቅና ንጹሕ መሆን አለባቸው። ሌላው ያለ ንክኪ በማግኔት መስክ ይሞላል፣ መሣሪያው በጎድጓዳው ውስጥ በትክክል መቀመጥ አለበት። በሁለቱም የሚታመነው መብራቱ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ደግሞ አንዳንድ መሣሪያዎች ኃይል በሌለው ቻርጀር ውስጥ ሳይጠፉ ያድራሉ፤ ጠዋት ባዶ ሆነው ይገኛሉ። እንዲህ ባለ ሌሊት በቁልፋቸው ማጥፋት ነው። በውስጡ የራሱ ባትሪ ያለው ቻርጀር ይሸጣል፣ ለእኛ አገር ተጨማሪ ዋጋው ይገባዋል። የዩኤስቢ ገመድ ያለው ከፓወር ባንክም ሊሠራ ይችላል፤ አንዳንድ ፓወር ባንክ ግን የሚወሰድበት ኃይል ጥቂት ሲሆን ራሱን ያጠፋል። ከአሜሪካ የመጣ ሶኬት ላይ «100-240» የሚል ጽሑፍ ከሌለ 220 ቮልት ላይ አይሰካ።

«ውኃ አይነካውም ተብሏል»

ካርቶኑ ላይ አይፒ 68 ይላል። ስድስቱ ለአቧራ፣ ስምንቱ ለውኃ የተሰጠ ደረጃ ነው። የውኃው ፈተና የሚደረገው በላቦራቶሪ፣ በአዲስ ዕቃ ላይ፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው። ላብ ጨው አለው፣ ሳሙና ይሰርጋል፣ እንፋሎት ይገባል፣ ማሸጊያውም ያረጃል። ዝናብ ቢነካው አያስደነግጥም፤ ገላ ሲታጠቡ፣ ጸበል ሲጠመቁ ወይም ሲዋኙ ግን ይውለቅ። ከረጠበ በጨርቅ ጠርጎ በጥላ ማድረቅ እንጂ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ሊቲየሙን ማቃጠል ነው።

«ቻርጅ የሚደረገው ሁልጊዜ ይሻላል»

ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይናቸው ለደከመ አዛውንት አዎ፣ ይሻላል። የቀድሞዎቹን የዚንክ ባትሪዎች መቀየር ለእነሱ ፈተና ነው። መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ቦታ ግን እኔ ብሆን ያን የዚንክ ባትሪ እመርጥ ነበር። ተለጣፊው ሲነሣ አየር ገብቶ ይሠራል፣ እንደ መጠኑ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ ሶኬት አይፈልግም። መጠኑ በቀለም ይታወቃል፦ 10 ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። የመከራከሪያው ነጥብ አንድ ብቻ ነው፣ ባትሪው በአካባቢው ገበያ ይገኛል ወይ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ 18 ዓመት ለሞላቸውና ጉድለታቸው ከቀላል እስከ መካከለኛ ለሆነ ሰዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መሣሪያ ተፈቅዷል። ለወላጅ መላክ የቀለለውም በዚህ ነው፤ ከበድ ላለ ጉድለት ግን ያ ዓይነት አልተሠራም። ለእናት ወይም ለአባት የሚገዛ ልጅ መጀመሪያ እዚሁ አገር የተደረገ የመስማት ምርመራ ውጤት ያስልክ። ሻጩንም መሣሪያው በስልክ መተግበሪያ ከሩቅ ይስተካከል እንደሆነ፣ የማጣሪያው ዓይነትና የቆቡ መጠን ስንት እንደሆነ ይጠይቅና ለዓመት የሚበቃውን አብሮ ይግዛ። መንገደኛው መሣሪያውንና ቻርጀሩን በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ደርሶ ሲያስረክብ ደግሞ ማጣሪያዋን አንድ ጊዜ በባለቤቱ ጣት አስቀይሮ ይሂድ።