ስለ ፓፓያ ዓይነቶችና ስለ ጠባያቸው፤ በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ጓሮ ላላቸው ሁሉ

የፍሬ ዛፍ የሚተክል ሰው ትዕግሥት ሊኖረው ያስፈልጋል። ማንጎና ብርቱካን ፍሬያቸውን ለማሳየት ብዙ ዓመት ያስጠብቃሉ። ፓፓያ ግን ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የተካዩን ድካም ይከፍላል። ነገር ግን ይህን ያህል ቸር የሆነው ተክል አንዳንድ ጊዜ ዓመት ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሞ አበባ ብቻ አንጠልጥሎ ይቀራል፤ ወይም ከማር ከሚጣፍጥ ፍሬ የተወሰደው ዘር አድጎ አልጫ ፍሬ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ መሬቱን ይወቅሳል፤ ዘሩን የሰጠውንም ጎረቤት ያማል። የነገሩ ምክንያት ግን ፓፓያ ብዙ ዓይነትና ሦስት ጾታ ያለው ተክል መሆኑን አለማወቅ ነው። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን የልፋታቸውን ዋጋ እንዲያገኙ ይህን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

የፓፓያ የትውልድ አገሩ ደቡብ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን እስፓንያውያን ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ፊሊፒን ወሰዱት፤ ከዚያም ወደ ህንድና ወደ ሌላው ሞቃት አገር ሁሉ ተዛመተ። ዘሩ ብዙ፥ ለመሸከምም ቀላል ስለ ሆነ መንገደኛ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ነገር ግን ዘሩ በየስፍራው ስለሚደባለቅ የልጁ ጠባይ ከእናቱ ጋራ አንድ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በመጀመሪያ ጾታውን መለየት ይገባል። ወንዴው ዛፍ አበባውን በረዥም ዘንግ ላይ በብዛት አንጠልጥሎ ይታያል፤ ፍሬ ግን አይሰጥም። ሴቴው አበባውን ከግንዱ ጋራ አስጠግቶ ያወጣል፤ አበባው ከሥሩ ወፍራም ነው፤ ፍሬውም ክብ ወይም እንቁላል መሰል ሲሆን ውስጡ ሰፊ ባዶ ቦታ አለው። ሦስተኛው ሁለቱን ጾታ በአንድ አበባ አጣምሮ የያዘው ነው፤ የዚህ ፍሬ ሞላላ፥ ሥጋው ወፍራም፥ ባዶ ቦታውም ጠባብ ነው። በገበያም ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ይህ ነው። ሴቴዋ በደንብ እንድታፈራ የአበባ ብናኝ ከሌላ ዛፍ መምጣት አለበት፤ ጣምራው ግን ለራሱ ይበቃል። እንግዲህ የመንደሩ ሰው «አያፈራም» እያለ ወንዴውን ሁሉ ቆርጦ ቢጨርስ፥ በአቅራቢያው ጣምራ ዛፍ ከሌለ የሴቴዎቹም ፍሬ ይጎድላል። ለ10 ወይም ለ20 ሴቴዎች አንድ ወንዴ ይበቃልና፥ ጎረቤታሞች ተነጋግረው አንዱን ማቆየት ይችላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ስማቸው የታወቀ ዓይነቶችን እንመልከት። «ሶሎ» የተባለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ከባርቤዶስ ወደ ሀዋይ የተወሰደ ነው። ፍሬው ትንሽ፥ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፥ ለአንድ ሰው የሚበቃና እጅግ ጣፋጭ ነው። ከእርሱ ዘር የወጣው «ሰንራይዝ» በ1968 የተሰየመ ሲሆን ሥጋው ወደ ቀይ ያደላል። በኩባ የተገኘው «ማራዶል» ትልቅና ሥጋው ቀይ ነው፤ ልጣጩም ጠንካራ ስለ ሆነ ሩቅ መንገድ ይችላል። ከታይዋን የመጣው «ሬድ ሌዲ» ቁመቱ ገና አጭር ሳለ ማፍራት ይጀምራል፤ ቅጠልን የሚያዥጐረጕረውንና ፍሬን በቀለበት መሰል ነጥብ የሚያበላሸውንም በሽታ ከብዙዎቹ ይልቅ ይችላል። ነገር ግን ከሁለት ዘር የተዳቀለ ስለ ሆነ፥ ከፍሬው የተለቀመ ዘር እንደ እናቱ አይሆንም፤ በየጊዜው አዲስ ዘር መግዛት ያስፈልጋል። የህንዱ «ኩርግ ሃኒ ዲው» ደግሞ ወንዴ የማይበዛበት፥ ለማዕድ የሚተከል ነው። በአገራችን ጓሮዎች የሚበዛው ግን ስም የሌለው ድብልቅ ነው፤ ቁመቱ ረዥም፥ ፍሬውም ትልቅና ብጫ ሆኖ ወንዴና ሴቴ በየዛፉ የተለየ ነው። ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ አገሩን ለምዷልና።

ዓይነቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ቦታውንም ማወቅ ይገባል። ከአዋሽ ወደ ሐረር የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። አሰቦትና ሚኤሶ ቆላ ናቸው። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው፥ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨርን አውራጃ ባስተዳደሩበት ጊዜ ዋና ከተማቸው የነበረችው ጭሮ ግን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሂርና፥ በዴሳና ገለምሶም ከቆላው ከፍ ብለው የሚገኙ የቡናና የጫት አገሮች ናቸው። ፓፓያ ሙቀት ወዳድ ነው። ሌሊቱ በሚበርድበት ስፍራ ፍሬው ዘግይቶ ይበስላል፥ ጣፋጭነቱም ይቀንሳል፤ የጣምራውም ፍሬ ተጣምሞ የሚወጣበት ጊዜ አለ። በቆላ ደግሞ ሙቀትና የውሃ እጦት ሲበረቱ ጣምራው አበባ እንደ ወንዴ ሆኖ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ሴቴዋ ግን በሁለቱም ስፍራ ጠባይዋ ብዙ አይለዋወጥም። ስለዚህ በጭሮና በሂርና የሚተክል ሰው ነፋስ በማይመታው፥ ፀሐይ በምታሞቀው ግድግዳ አጠገብ ይትከል፤ ሴቴዎችንም አይናቅ። በሚኤሶና በአሰቦት ያለው ደግሞ ውሃውን አስቀድሞ ያስብ፤ አጭሩንና ፈጥኖ የሚያፈራውን ይምረጥ። በዋልካ መሬት የሚተክል ሰው ግን መደቡን ከፍ ያድርግ፤ ውሃ ጥቂት ቀን ብቻ ቢተኛበት ሥሩ በስብሶ ዛፉ ይሞታልና።

የአተካከሉም ደንብ ቀላል ነው። ዘሩ በደንብ ከበሰለ ሞላላ ፍሬ ይወሰድ፤ ከሴቴ ፍሬ በወንዴ ብናኝ የተገኘ ዘር ግማሽ ያህሉ ወንዴ ይሆናል፤ ራሱን ካዳቀለ ጣምራ ዛፍ የተገኘው ግን ወንዴ የለበትም። ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር መብቀልን ስለሚከለክል በአመድና በውሃ ታሽቶ ይታጠብ፤ በጥላም ይድረቅ። በአንድ ጉድጓድ 3 ወይም 4 ችግኝ ይተከል፤ አበባው ወጥቶ ጾታው ሲታወቅ መልካሙ ይቅር፥ ሌላው ይነቀል። ከአበባ በፊት በዘሩ መልክ ወይም በሥሩ ቅርጽ ጾታውን እለያለሁ የሚለውን ሰው ማመን አይገባም። ዘር የሚፈልግም ከወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ በመልካሳ የሚገኘው የምርምር ማዕከልም በፍራፍሬ ላይ የሚሠራ ነው።

ለቤት እመቤቶችም ጥቂት ቃል አለን። ፍሬው ከጫፉ ብጫ ሲጀምር ቢለቀም በቤት ውስጥ ይበስላል። ለሕፃናት ዓይንና ለሰውነት የሚጠቅመው የቪታሚን ኤ ምንጭ በተለይ በብጫና በቀይ ሥጋው ውስጥ ይገኛል፤ በ100 ግራምም ውስጥ 60 ሚሊግራም ያህል ቪታሚን ሲ አለው። ሎሚ ቢጨመቅበት ጣዕሙ ይነቃል። ያልበሰለው ፍሬ ወተት ፓፓይን የተባለ ነገር ስላለበት ጠንካራ ሥጋን ያለሰልሳል፤ ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴት ጥሬውን ፓፓያ እንዳትበላ ትጠንቀቅ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። የመንግሥት ሠራተኛ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወር፥ ዘመድም ዘመዱን ሲጠይቅ፥ የፓፓያ ዘር በወረቀት ጠቅልሎ መስጠት መልካም ልማድ ነው። ከዘሩ ጋራ ግን ዛፉ የበቀለበት አገር፥ የፍሬው ቅርጽና የሥጋው ቀለም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ከሚኤሶ የመጣው ዘር በጭሮ ምን እንደ ሆነ ሁለት ሦስት ባለ ጓሮዎች መዝግበው ቢነጋገሩ፥ ቀጥሎ የሚተክለው ሰው ዓመቱን በከንቱ አያሳልፍም።