የቴኒስ አሠልጣኝ ቦርሳ

አንድ ሰው ቴኒስ ለመጫወት ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ራኬቱና ስለ ኳሱ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ከጨዋታው የሚገኘው ጤና የሚጠበቀውም ሆነ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በሜዳው ላይ ሳይሆን በቤት ውስጥ ቦርሳው በሚሰናዳበት ሰዓት መሆኑን የሚያስተውሉት ጥቂቶች ናቸው። ተጫዋቹ አሠልጣኝም በሆነ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ከአንድ ሰው ጉዳይነት ያልፋል። ለራሱ የሚጫወት ሰው ፎጣውን ቢረሳ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አሠልጣኝ ግን አንድ ፎጣ ብቻ ይዞ የወጣ እንደ ሆነ በዚያች አንዲት ፎጣ 20 ሕፃናት ፊታቸውን ይጠርጉባታል።

ይህን ስንጽፍ በሐሳባችን ያለው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በቱሉ ዲምቱ የሚኖር፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወይም በዕለተ ቅዳሜ ልጆችን ሰብስቦ ቴኒስ ሊያስተምር የሚወድ መምህር ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ የአቃቂን ሜዳ የሚያውቅ ሁሉ በክረምት ከጫማ ጋር የሚጣበቀውን ጥቁር መረሬ አይረሳውም። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከዚሁ ሲሆን፣ ሰፊ የኮንዶሚኒየም መንደርም ተሠርቶበታል። ስፍራው ከቃሊቲ ወዲያ በመሆኑ ከከተማው መካከል ይርቃል። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ ወደ መሀል ከተማ የቴኒስ ሜዳ የሚሄድ መምህር የረሳውን ዕቃ ሊያመጣ አይመለስም። እዚያው በሕንፃዎቹ መካከል ገመድ ወጥሮ የሚያስተምርም ቢሆን ውኃ የሚወርድበት ቧንቧ በአጠገቡ ሁልጊዜ አያገኝም። በቦርሳው ውስጥ ያላኖረው ነገር በዚያን ቀን የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ዕቃውን ከማሰናዳት በፊት እያንዳንዱን አንሥቶ «ይህ የጋራ ሊሆን ይችላልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ኳስ የጋራ ነው። መረብ፣ ገመድና የሜዳ ምልክት የጋራ ናቸው። ራኬትም ልጆች ሁሉ የየራሳቸው ሊኖራቸው ስለማይችል የጋራ ይሆናል፤ ስለሆነም ከጨዋታ በፊትና በኋላ እጅ መታጠብ ግድ ነው። ፎጣ፣ የውኃ ኮዳ፣ ካልሲና ባርኔጣ ግን በምንም ምክንያት የጋራ ሊሆኑ አይገባም።

በፎጣው ላይ ጥቂት እንቆይ። ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ የሚተላለፈው ከታመመው ልጅ ዓይንና አፍንጫ በሚወጣው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹን ወደ ጤነኛው የሚያደርሱት እጅ፣ ፎጣ፣ ልብስና በዓይን ላይ የሚያርፉ ዝንቦች ናቸው። አንድ ጊዜ መያዝ ብቻውን አያሳውርም፤ በልጅነቱ በተደጋጋሚ የተያዘ ሰው ግን የዓይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ጠባሳ እያወጣ፣ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዓይኑን ሲፍቀው ኖሮ በጎልማሳነቱ ብርሃኑን ያጣል። በሽታው በአዲስ አበባ እንደ ገጠሩ የበረታ ባይሆንም ከዓለም አገሮች ሁሉ ሸክሙ የከበደው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱን በመሰለ አዲስ መንደርም ከየአገሩ የመጡ ቤተ ሰቦች ልጆች በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። በባሕር ማዶ በትምህርት ላይ ሳለን እንዳየነው እናቶች በፎጣው ጥግ የልጁን ስም በክር ይሰፉ ነበር። ይህ ክርና መርፌ እንጂ ሌላ ወጪ የለበትም። ፎጣ የሌለው ልጅ ቢኖር ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ንጹሕ ቁራጭ ይበቃዋል።

በታላላቆቹ የዓለም ውድድሮች እንኳ ኳስ አቀባይ ልጆች በላብ የራሰውን የተጫዋች ፎጣ እየተቀበሉ መመለስ ልማድ ሆኖ ኖሮ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ግን ተጫዋቹ ፎጣውን ራሱ እንዲያኖርና ራሱ እንዲያነሣ ተደነገገ። በእኛ አስተያየት ይህ ወረርሽኝ ሳይጠበቅ መደረግ የነበረበት ነው።

ኮዳውም እንደ ፎጣው የግል ነው። አንድ ኩባያ ከጀሪካን እየተቀዳ ለሁሉም ሲዞር ማየት የተለመደ ነው፤ በዚህ መንገድ ግን የጉበት ብግነት፣ ታይፎይድና የተቅማጥ በሽታዎች ሊዞሩ ይችላሉ። በውኃው ንጽሕና የሚጠራጠር ሰው አስቀድሞ በማታ አፍልቶ ያቀዝቅዘው። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ ወደ 93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በቆላ አንድ ደቂቃ ቢበቃም እዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ለአንድ ሰዓት ጨዋታ ከንጹሕ ውኃ ሌላ መጠጥ አያስፈልግም። ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም የተዘጋጀው ለተቅማጥ እንጂ ለላብ አይደለም።

ይኸው ከፍታ በኳሱም ላይ ይታያል። መደበኛ የቴኒስ ኳስ ከ254 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሳንቲ ሜትር እንዲነጥር ተወስኗል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ግን አብዝቶ ይነጥራል፤ ፈጥኖም ይበርራል። ከትከሻው በላይ የሚመጣውን ኳስ ደጋግሞ የሚመታ ልጅ ትከሻውን ያማል፤ ፊቱም ከአደጋ አይድንም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ልዩ ኳስ ፈቅዷል፤ አንደኛው ዓይነት ውስጣዊ ግፊት የሌለውና በዚያው ከፍታ ቢያንስ 60 ቀን የቆየ ነው። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ላልበለጠ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በውድድር መደበኛው ቢጫ ኳስ ተከልክሏል። ቀዩ ከመደበኛው በ75 በመቶ፣ ብርቱካንማው በ50 በመቶ፣ አረንጓዴ ነጥብ ያለው በ25 በመቶ ያህል የዘገየ ነው። ቀዩን ያላገኘ አሠልጣኝ ያረጀና የላላ ኳስ ቢይዝ ለትንንሾቹ ከአዲሱ ይሻላል። የአሠልጣኙ ቦርሳ በአሮጌ ኳስ ቢሞላ የሚያፍርበት ነገር የለም።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነም ሰው ቃጠሎውን አያስተውለውም። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣና እጅጌ ያለው ሸሚዝ ይበቃሉ። ሸራ ጫማ ከጥጥ ካልሲ ጋር ይደረግ፤ ትርፍ ካልሲም ይያዝ፤ በረጠበ ካልሲ የዋለ እግር ውኃ ይቋጥራል፣ በጣቶቹም መካከል ይላጣል።

የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ በአንዲት ትንሽ ከረጢት ተለይቶ ይቀመጥ። በውስጧ ሳሙና፣ ክዳኑ በሚስማር የተበሳ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ የመታጠቢያ ውኃ፣ ንጹሕ ፋሻ፣ የሚለጠጥ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስና ጓንት ይኑር። ደም የሚፈሰውን ልጅ በባዶ እጅ መንካት አይገባም። ቁስል በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ አመድ ወይም ቡና አይደረግበትም። ቁርጭምጭሚቱ የተጠማዘዘ ልጅ እግሩን ከፍ አድርጎ ይቀመጥ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅም ይደረግለት። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ግን አሠልጣኙ አይሸው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው። በዚህች ከረጢት ኪኒን እንዳይቀመጥ እንመክራለን፤ ለአንዱ የታዘዘ መድኃኒት ለሌላው ሲታደል እንዳንሰማ። በምትኩ የልጆቹ ስም፣ የወላጆቻቸው ስልክ ቁጥርና አስም ያለበት ልጅ ማን እንደ ሆነ የተጻፈበት ደብተር ይግባበት።

ከጨዋታ በኋላ የረጠበ ልብስና ጭቃ የያዘ ጫማ በየራሱ ፌስታል ተለይቶ ይታሰር እንጂ ከኮዳው ጋር አይደባለቅ። ቤት እንደ ተደረሰ ቦርሳው በዚያው ማታ ይራገፍ፤ በረጠበ ልብስ እንደ ታጨቀ ያደረ ቦርሳ ይሻግታልና። ፎጣዎቹ በሳሙና ታጥበው በፀሐይ ይሰጡ። ቦርሳው ራሱም በየወሩ ይታጠብና ተገልብጦ ይድረቅ፤ በክረምት፣ ፀሐይ በማይገኝበት ሳምንት፣ ምድጃ በሚነድበት ክፍል ውስጥ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ይሰቀል።