የምጣኔ ሀብት መምህርና የዴም ገበያ

በካርቱም ከመሐል ከተማው በስተ ደቡብ የሚገኘው ዴም፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የቀድሞዎቹ ዴሞች ነዋሪዎች ተነሥተው የሠፈሩበት፣ ኋላም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በየዘመኑ የተሰደደው ሕዝብ ቤት ተከራይቶ፣ እንጀራ ጋግሮ፣ ቡና አፍልቶ የኖረበት ሰፈር ነው። ከዚሁ ሰፈር ተነሥቶ ዕውቀት ፍለጋ ወደ ዓባይ ዳር የወረደ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተውንና ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃውን የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ያገኛል፤ በሁለቱ መካከል ያለውም መንገድ በእግር የሚሄዱት ቢሆንም፣ በገበያው ኑሮና በመማሪያው አዳራሽ ትምህርት መካከል ያለውን ርቀት ማቅረብ ግን የመምህሩ ፋንታ ነው።

ምጣኔ ሀብትን የተማረ ሰው ሁሉ፣ በካርቱምም ይማር በአዲስ አበባ፣ ሁለት ዓይነት መምህር ያውቃል። አንደኛው ከዓመት ዓመት ያልታደሰውን ማስታወሻ ይዞ ገብቶ፣ ሁለት መስመር አቋርጦ አንዱን አቅርቦት፣ ሁለተኛውን ፍላጎት ብሎ ሰይሞ፣ ተማሪው እንዲገለብጥ አድርጎ የሚወጣ ነው፤ ተማሪውም የተገለበጠውን ሸምድዶ በፈተናው ቀን መልሶ ያስረክባል፣ ካስረከበ በኋላም በእጁ የሚቀር ነገር የለም። ሁለተኛው ግን መስመሮቹን ከመሳሉ አስቀድሞ፣ ዛሬ ጠዋት ስኳር በስንት እንደ ተሸጠ ተማሪዎቹን የሚጠይቅ ነው። ደቀ መዛሙርት ዘመን ካለፈም በኋላ በስም እየጠሩ የሚያመሰግኑት ይህን ሁለተኛውን ነው።

ለዚህ ዓይነቱ መምህር ዴም የማያልቅ የምሳሌ ጎተራ በሆነው ነበር። ሱዳኖች «ሲት ሻይ» የሚሏትን፣ በመንገድ ዳር በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጣ ሻይና ቡና የምትሸጠውን ሴት እንመልከት፤ ከነዚህም ብዙዎቹ የሀገራችን ልጆች ነበሩ። በፊቷ የከሰል ምድጃ፣ በጎኗ የስኳር፣ የሻይ ቅጠልና የዝንጅብል ጣሳዎች ተደርድረዋል። ስኳር በድንገት ቢወደድ የሲኒውን ዋጋ ወዲያው አታነሣም፤ ማዶ የተቀመጠችው ባልንጀራዋ ካላነሣች ደንበኛው መንገዱን ተሻግሮ እንደሚሄድባት ታውቃለችና። ስለዚህ አስቀድማ ከማንኪያው ላይ ጥቂት ትቀንሳለች፣ ቀጥላም የለመዱትን ደንበኞች በዱቤ ታስተናግዳለች፤ የማይቻል ሲሆን ብቻ፣ ሌሎቹም ሲያነሡ፣ አብራ ታነሣለች። መምህሩ ይህን አንሥቶ «ስለ ምን ወዲያው አልጨመረችም? ስለ ምንስ ሁሉም በአንድ ሰሞን ጨመሩ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ውድድርም፣ የአንዲት ተጨማሪ ሲኒ ወጪም፣ ዋጋ ከወጪ ኋላ የሚጎተትበት ምክንያትም ከተማሪው አንደበት ይወጣሉ፤ የመጽሐፉ ቃል የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ አስቀድሞ የታወቀውን ነገር ለመሰየም ነው።

የገንዘብ ምንዛሪም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ከነዳጅ ዘይቱ ምርት ሦስት አራተኛ የሚሆነው አብሮ ስለ ሄደ፣ በካርቱም የውጭ ምንዛሪ እጅግ አነሰ፤ ባንክ የሚናገረው ዋጋና መንገድ ላይ የሚነገረው ዋጋ ተለያዩ። በሰው ቤት ሠርታ ጎንደር ላሉት ወላጆቿ ገንዘብ የምትልክ እኅት ያለችው የዴም ተማሪ፣ ይህን ልዩነት ከማንም መጽሐፍ አስቀድሞ አውቆት ነበር፤ የወር ደመወዟ በሱዳን ፓውንድ ሳይለወጥ፣ ወደ ሀገር ሲደርስ ግን ከወር ወር እያነሰ የሚሄደው በዓይኑ ፊት ነበርና። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 መንግሥቱ አንዱን ዶላር ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ፓውንድ አነሣው፤ በዚያው ዓመት አጋማሽም ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ አለፈ። በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አብደላ ሐምዶክ ራሳቸው በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምጣኔ ሀብት የተማሩ፣ ኋላም በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ለብዙ ዓመታት የሠሩ ሰው ነበሩ።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተምር ሰው ከአበው የትርጓሜ ጉባኤ የሚወርሰው ሥርዓት አለ። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ንባብ ይዞ በአንድ ፍቺ አይቆምም፤ «አንድም» እያለ ምሥጢሩን ከየአቅጣጫው ያሳያል እንጂ። የዋጋ ንረትም አንድም መንግሥት የበጀቱን ጉድለት ገንዘብ እያሳተመ ስለ ሸፈነ፣ አንድም የውጭ ምንዛሪ ስለ ጠፋ፣ አንድም ነጋዴው ነገን ፈርቶ ሸቀጡን ስላከማቸ ይመጣል። መምህሩ አንዱን ብቻ መርጦ ቢነግር ተማሪው የአንድ ወገን ተከታይ ይሆናል፤ ሁሉንም አቅርቦ ማስረጃውን ቢያስመዝነው ግን ራሱን የቻለ መርማሪ ይወጣዋል።

ቋንቋም የራሱ ፈተና አለው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ ስለ ዞረ፣ በእንግሊዝኛ ሲማር የቆየ የስደተኛ ልጅ ንግግሩን ተከትሎ ትርጉሙ የሚያመልጠው ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ተማሪው ራሱ የሚያውቀው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የተጀመረው የገዚራ የመስኖ እርሻ፣ ከጥጡ የተጣራ ገቢ 40 በመቶው ለገበሬው ይደርሰው የነበረበት፣ ለሱዳን ተማሪ የአያቱ ታሪክ ነው፤ ለኢትዮጵያዊው ግን ባዕድ መስሎ የሚታየው መምህሩ «በእናንተ ሀገርስ?» ብሎ እስኪጠይቀው ብቻ ነው። ያን ጊዜ የእኩል አራሹና የሲሶ አራሹ ነገር፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡበትም ምክንያት ይታወሰዋል፤ ከምርቱ ድርሻ ብቻ የሚያገኝ ገበሬ በገዛ ድካሙና በገዛ ወጪው ምርት ለመጨመር ስለ ምን እንደሚያመነታም ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል።

ከዚያ የተማሪዎች ትውልድ መካከል በሀገራችን የምጣኔ ሀብት መምህርነትን ከፍ ያደረጉት ዶክተር እሸቱ ጮሌ ናቸው። በአሜሪካ በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ ሀገራቸው በመመለስ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተማሩ። ብዕራቸው ያረፈው በሀገራቸው ነገር ላይ ነበር፤ ከ1941 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የነበረውን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት የግብሩንና የበጀቱን ታሪክ፣ የገበሬውን ኑሮና የድህነቱን ሥር መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከአርባ ከሚበልጡ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጋር ከሥራቸው ተሰናበቱ፣ በ1998ም ዐረፉ፤ ስለ ኢትዮጵያ ኋላ ቀርነት የጻፏቸው ጥናቶችም በ2004 ተሰብስበው በመጽሐፍ ታተሙ። ከአዳራሽ የተሰናበተ መምህር በጽሑፉ ማስተማሩን እንደሚቀጥል የእሳቸው ሕይወት ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ካርቱምን ባድማ አድርጎ የዴምን ሐበሻ በትኖታል፤ ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ ሀገር ተመልሰዋል፣ ሌሎችም ወደ ሌላ ስደት ተሻግረዋል። ከነሱ ጋር የተሻገረው የምጣኔ ሀብት ዕውቀት በገዛ ኑሯቸው ተፈትኖ የተረጋገጠው ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየመንፈቁ ተማሪው ስለ መምህሩ እንዲሞላ በሚሰጡት ወረቀት ላይ፣ በሰዓቱ መግባቱንና ትምህርቱን መጨረሱን ከመጠየቅ ጋር፣ «ይህን ትምህርት ከተማርህ በኋላ በሰፈርህ ገበያ አስቀድመህ ያልተረዳኸውን ምን ተረዳህ?» የሚለውን ጥያቄ ቢጨምሩ ይገባል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ተማሪ መምህሩን በሚገባ መስክሮለታል፤ መልስ የጠፋበት ግን፣ ነጥቡ የቱንም ያህል ከፍ ቢል፣ ገና አልተማረም።