ልስኑ እስኪደርቅ

(ሥዕል፦ ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ከውጭ፤ ቀጥሎ ባዶ ክፍል። ካሜራው ከወለሉ ተነሥቶ በዝግታ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ሙዚቃ የለም።)

ተራኪ፦

በአዲስ አበባ ከተማ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ደርሶት ቁልፍ የተረከበ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ አስቀድሞ ወለሉን፣ ቀጥሎም መስኮቱንና ግድግዳውን፣ ከዚያም የውኃውን ቧንቧ ይመረምራል እንጂ፣ ከራሱ በላይ ተዘርግቶ ቤቱን የሚከድነውን ጣሪያ ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ እምብዛም ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ለባለዕድሉ የሚሰጡት ሥራቸው ሳይፈጸም ስለ ሆነ፣ መለሰኑም መቀባቱም ለባለቤቱ የተተወ ዕዳ ነው፤ ከዕዳውም ሁሉ አንገትን የሚያደክመው፣ ትዕግሥትንም የሚፈትነው ይኸው የላይኛው ነው።

ይህን ፕሮግራም እንድናሰናዳ የታዘዝነው፣ አዲስ የተለሰነ የቤት ጣሪያ እንዴት ተዘጋጅቶ እንደሚቀባ፣ ከመጀመሪያው የሲሚንቶ ርጭት እስከ መጨረሻው ነጭ ገጽ ድረስ በ12 ደቂቃ እንድናሳይ ነበር። አንዲት መምህርትም በሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለ ቤታቸውን ፈቀዱልን። በዚያ የተቀረጸው ፊልም ግን እንደ ታዘዘው አልተፈጸመም፤ እርሱን በቦታው እንናገረዋለን።

(ሥዕል፦ ለሳኙ መወጣጫ ላይ ቆሞ ይሠራል። የሲሚንቶ ድምፅ ይሰማ።)

የዚህ ዓይነት ሕንፃ ጣሪያ ወጥ ድንጋይ አይደለም። አስቀድመው የተሠሩ የኮንክሪት ወጋግራዎች ጎን ለጎን ይጋደማሉ፣ በመካከላቸው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ይደረደራል፣ በላዩም ኮንክሪት ይፈስበትና ሠራተኞቹ ሶሌታ የሚሉት ይሆናል። ከታች ሆኖ ለሚያየው የወጋግራው መስመርና የብሎኬቱ ሻካራ ገጽ ተራ በተራ ስለሚታይ፣ ለሳኙ ሲሚንቶና አሸዋ በውኃ አቅጥኖ በመርጨት ይጀምራል፤ ርጩ ከያዘ በኋላ ሁለተኛውን ድርብ ይመርግበታል፣ በስታጃ ያስተካክለዋል፣ በፍራታሶ ያሸዋል። ከግድግዳ ያመለጠ ልስን በእግር ሥር ይወድቃል፤ ከጣሪያ ያመለጠ ግን የሚወርደው በለሳኙ ፊት ላይ ነውና፣ የጣሪያ ዋጋ ከፍ ያለ ነው ብሎ የሚከራከር ባለቤት አንድ ሰዓት ያህል ከሥር ቆሞ ቢያይ ክርክሩን በተወ ነበር።

ልስኑ ባለቀ ማግስት ባለቤቱን የሚያስጨንቀው ነገር የሚቀባበት ቀን ነው፤ ኪራይ እየከፈለ የሚጠብቅ አለና፣ ሠርግ የደረሰበትም አለና፣ እንቁጣጣሽን በአዲስ ቤት ለመዋል የተሳለም አለና። ሲሚንቶ ግን ለማንም አይቸኩልም። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያውም እንዳይደርቅ ውኃ ይረጩታል፤ ለአየር የሚተዉት ከዚያ በኋላ ነው። በሙያተኞች ዘንድ የጸናው ልክ 28 ቀን ሲሆን፣ በክረምት ከዚህ ይበልጣል። ደግሞም አዲስ የሲሚንቶ ልስን የሚባላ ባሕርይ አለው፤ ኬሚስቶች 7ን መካከለኛ አድርገው በሚሰፍሩበት መለኪያ ከ12 በላይ ይወጣል። በእንዲህ ያለው ልስን ላይ የዘይት ቀለም ቢቀባበት ዘይቱ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፤ ይህም ሞራን ከአመድ ውኃ ጋር አፍልተው ሳሙና ያወጡ የነበሩ እናቶቻችን ያለ ኬሚስት የሚያውቁት ሥራ ነው። በውኃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም ይህን ቢችልም፣ ከበስተኋላው የታሰረው እርጥበት መውጫ ባጣ ጊዜ ቀለሙን እያበጠ ያስለቅቀዋል፣ ነጭ ጨውም በላዩ ያወጣል።

መድረቁን ለማወቅ ዐይን ይበቃል፤ እርጥቡ ስፍራ ጠቆር ብሎ ሲታይ የደረቀው ገርጥቶ ይለያል። ዐይኑን ያላመነ ቍራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ያሳድር፤ በነጋታው ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካገኘ ቀለሙን ወደ ሱቅ ይመልስ።

(ሥዕል፦ የሲስቲና ጸሎት ቤት ጣሪያ፤ የጥፋት ውኃ ሥዕል ቀስ ብሎ ይቅረብ። የዋሽንት ድምፅ።)

እርጥብ ጣሪያ የሚያሳፍረው ተራውን ቀለም ቀቢ ብቻ እንዳይመስለን፣ እዚህ ላይ ወደ ሮማ እንሻገር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1508 ዓ.ም. የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ ዳግማዊ፣ ከዕብነ በረድ ምስል በመቅረጽ ስሙ የተጠራውን የ33 ዓመት ጎልማሳ ሚኬላንጄሎን አስጠርተው፣ ርዝመቱ ወደ 40 ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 13 ሜትር፣ ከፍታውም ወደ 20 ሜትር የሚደርሰውን የጸሎት ቤታቸውን ጣሪያ እንዲሥልበት አዘዙት፤ እርሱም ሙያዬ ቅርጽ ነው እንጂ ሥዕል አይደለም እያለ በግድ ተቀበለ።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በመወጣጫው ነው። የጳጳሱ አናጺ ብራማንቴ ጣሪያውን እየበሳ በገመድ የተንጠለጠለ መወጣጫ ሠራለት፤ ሚኬላንጄሎም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ቀዳዳዎቹ በምን ይደፈናሉ ብሎ ጠየቀና፣ አጥጋቢ መልስ ስላላገኘ አፍርሶ ጣሪያውን የማይነካ ሌላ መወጣጫ በራሱ አሳብ አቆመ። ታሪኩን የጻፈው ቫዛሪ እንደሚተርከው፣ የተረፈውን ገመድ ለአንድ ድኻ አናጢ ሰጠው፤ አናጢውም ገመዱን ሸጦ በዋጋው ልጁን ዳረ።

ሁለተኛው ፈተና ግን የልስን ነበር። የኖኅን የጥፋት ውኃ ሥሎ በፈጸመ ጊዜ፣ በብርዱ ወራት፣ ሻጋታ በሥዕሉ ላይ ወጥቶ የሰዎቹን መልክ እስከ መሸፈን ደረሰ። በውኃ የጠፋውን ዓለም የሚያሳይ ሥዕል በልስኑ ውኃ ሊጠፋ መቃረቡ ዛሬ ፈገግ ቢያሰኘንም፣ ለባለሥራው የሞት ያህል ነበርና፣ ወደ ጳጳሱ ሄዶ ይህ ሙያዬ እንዳልሆነ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር፣ ሥራው ተበላሽቷል፣ የማያምኑኝ ከሆነ ሰው ልከው ያስመርምሩ አላቸው። ጳጳሱም አናጺውን ጁልያኖ ዳ ሳንጋሎን ላኩ። ሳንጋሎ ወደ ላይ ወጥቶ መረመረና፣ ስሕተቱ ከእጁ ሳይሆን ከልስኑ መሆኑን ነገረው፤ ኖራው ፖጾላና ከሚባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ሲላቈጥ ውኃ በዝቶበት ስለ ነበር፣ እርጥበቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ሻጋታውን አመጣው። ውኃውን እንዴት እንደሚመጥንም አስተማረው። ሚኬላንጄሎ ወደ መወጣጫው ተመልሶ እስከ 1512 ድረስ ሠራ፤ ብዙዎች እንደሚያስቡት በጀርባው ተኝቶ አልነበረም፣ ቆሞ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ነው እንጂ፤ ከዚህም የተነሣ ሥራው ካለቀ በኋላ ለብዙ ጊዜ ደብዳቤ እንኳ የሚያነበው ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ እንደ ነበር ይነገራል።

ይህን አንሥተን ስናበቃ የሮማው ሥርዐት ከቤታችን ሥርዐት ጋር እንዳይደባለቅ ያስፈልጋል። እዚያ ቀለሙ ገና እርጥብ በሆነ ኖራ ላይ ይቀባል፣ ኖራውም ከአየሩ የሚፈልገውን ስቦ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ቀለሙን በውስጡ ይዞት ይቀራል፤ የእኛ ፕላስቲክ ቀለም ግን ልስኑ ደርቆ እንዲቈየው ይሻል። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ይህን ሁሉ ጣጣ ያመለጡት ብዙውን ሥዕል በሸማ ላይ ሥለው ሸማውን በግድግዳ ላይ በማጣበቅ ነበር፤ ከመቶ በላይ የኪሩቤል ፊት ከጣሪያው ቍልቍል የሚመለከትበትን የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ የጎበኘ ሰው ግን፣ በእኛም ዘንድ አንገቱን ያጠፈ ሠዓሊ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

(ሥዕል፦ ቀለም ቀቢው ልስኑን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፤ አቧራ በመስኮት ብርሃን ይታያል።)

አሁን ወደ መምህርቷ ቤት። ልስኑ ከደረቀ በኋላ ያለው ሥራ ለመናገር አጭር፣ ለመሥራት ረጅም ነው። ዕቃው ይወጣል፣ ወለሉ በላስቲክ ይሸፈናል፣ መብራቱ ከቈጣሪው ይጠፋል። ስንጥቁና ቀዳዳው በስቱኮ ይሞላል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፣ አቧራው ተጠርጎ በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል፤ ይህን የመጨረሻውን ችላ ያለ ሰው ቀለሙን የቀባው በአቧራው ላይ ነው። የመጀመሪያው እጅ በውኃ በዛ ተደርጎ ይቀጥናል፣ የጠማው ልስን ወደ ውስጥ እንዲጠጣው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በፋብሪካው ልክ ይሆናል። ቀቢው ዳር ዳሩን በብሩሽ ከከበበ በኋላ ሮለሩን ይዞ ከመስኮቱ በኩል ጀምሮ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ የቀባው ጠርዝ ሳይደርቅም ቀጣዩን ያገናኛል፤ ለምሳ ብሎ መካከል ላይ ያቋረጠ እንደ ሆነ መስመሩ ለዘለዓለም ይታያል። ለጣሪያ የሚያንጸባርቅ ቀለም አይመረጥም፤ የልስኑን ጉድለት ሁሉ ያወጣልና። የቀለሙንም ቆርቆሮ ሲገዙ ስለ እርሳስ መጠኑ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በአገራችን ሕግ ከ1 ሚሊዮን ክፍል ከ90 ክፍል በላይ እርሳስ ያለው ቀለም የተከለከለ ነው።

(ሥዕል፦ ያው ክፍል ነጭ ሆኖ። ካሜራው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ጎን ይዞራል። ሙዚቃው ይቋረጥ።)

በትእዛዙ መሠረት ትረካችን እዚህ ላይ፣ በነጩ ጣሪያ ሥር በሚፈላ ቡና ሊፈጸም ነበር፤ ሙዚቃውም ተመርጦ ነበር። ዳሩ ግን ካሜራው ለመጨረሻው ቀረጻ ሲመለስ፣ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ዙሪያው ቡናማ የሆነ ክብ እድፍ ጣሪያውን ይዞት አገኘ። መምህርቷ ወደ ቀቢው ዞረው ሳይናገሩ ቆሙ። እርሱም እድፉን በጣቱ ዳሰሰና "እትዬ፣ ልስኑ ደርቋል፤ ይህ ከላይ ነው" አለ።

ከላይ የሚኖሩት አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው። መምህርቷ ደረጃውን ወጥተው በሩን አንኳኩና "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጣሪያዬን ወርደው ቢያዩልኝ ብዬ ነው" አሏቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወረዱ፣ ቀና ብለውም አዩ። "በስመ አብ! ይህ ሁሉ ከእኔ ቤት ነው? ምነው ልጄ፣ እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?"

የቧንቧ ሠራተኛው የላይኛውን መታጠቢያ ሴራሚክ ሲያነሣ የፍሳሹ መጋጠሚያ ላልቶ ተገኘ። ውኃው በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ለውስጥ ተጕዞ ብቅ ያለው ከመጋጠሚያው ራቅ ብሎ ስለ ነበር፣ ከታች ሆኖ ምንጩን መገመት አይቻልም ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የሕንፃውን ክፍሎች የግልና የጋራ ብሎ ለይቶ ባለቤቶቹን በማኅበር ቢያስተሳስራቸውም፣ የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ መሆኑን በዚያ ደረጃ ላይ ከታየው በበለጠ አዋጁ ሊያስረዳን አልቻለም፤ የሴራሚኩን ዋጋ ሽማግሌው፣ የቀለሙን መምህርቷ ከፈሉ፣ የሚነቅፍም አልተገኘም።

ስለዚህ የምናሳያችሁ ያለቀ ጣሪያ የለንም። ይህ ፕሮግራም ሲሠራጭ ያ ልስን እንደ ገና እየደረቀ ነው፤ ሲደርቅም ፕላስቲክ ቀለም ብቻ ቢደገምበት እድፉ ዘልቆ ስለሚወጣ፣ አስቀድሞ እድፍ የሚይዝ የዘይት ቀለም ይቀባበታል፣ ነጩ በላዩ ይከተላል። የጋራ መኖሪያ ቤት የተረከባችሁ ተመልካቾች ሆይ፣ ለሳኝ ከመጥራታችሁ አስቀድሞ የላይኛውን ጎረቤት በር አንኳኩ፤ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ሁለት ባልዲ ውኃ እንዲያፈስሱላችሁ ለምኑ፤ ከዚያም ወደ ቤታችሁ ወርዳችሁ ጣሪያችሁን በነጋታው ደግማችሁ እዩ።